የእናታችን ቋጠሮ



ውድ አንባቢያን፣ እኛ የአንዲት እናት አራት ልጆች ነን። ሦስታችን አዲስ አበባ የምንኖር ሲሆን ታላቅ እህታችን ለሥራ ወደ ሪያድ ሄዳ እዚያው ትገኛለች። ዛሬ የምናወጋችሁ በ2017 ዓ.ም. ረመዷን ሊገባ ሁለት ሳምንት ያህል ሲቀረው በቤታችን ስለደረሰው ነገር ነው። ለመጻፍ እናታችንን ስናስፈቅዳት «ጻፉ፤ ግን የኔን መዘረፍ ብቻ ጽፋችሁ የራሳችሁን እንዳትደብቁ» አለችን። እንደ ቃሏ ለማድረግ እንሞክራለን። ደግሞም ከታሪኩ ውስጥ ለሌላ ቤተሰብ የሚጠቅመው ሌባው የሠራው ሳይሆን እኛ የሠራነው ነው።

እናታችን ወሎ ተወልዳ ያደገች፣ ዕድሜዋ ከ60 ያለፈ ሴት ናት። እኛ ልጆች ሳለን ገንዘብ የምትይዘው በቋጠሮ ነበር። የቤት ወጪ በሻርፗ ጫፍ፣ የሰው አደራ በሌላ ጨርቅ፣ ለሰደቃ የለየችው ደግሞ በመቀነቷ እጥፋት ይቋጠራል። አንዱ ከሌላው አይቀላቀልም። ገበያ ስትወጣ የቤቱን ወጪ ብቻ ይዛ የቀረውን ሣጥን ውስጥ ቆልፋ ትሄዳለች። ጎረቤት «ይህችን ያዢልኝ» ብላ የሰጠቻትንም ያንኑ ብር ትመልሳለች እንጂ መንዝራ አታውቅም። እኛም «ብር ያው ብር አይደለም ወይ?» እያልን እንስቅባት ነበር።

ከዚያ ዘመኑ ተለወጠ። ቴሌብር በግንቦት ወር 2013 ዓ.ም.፣ ኤም-ፔሳ ደግሞ በነሐሴ ወር 2015 ዓ.ም. በአገራችን ሥራ ጀመሩ። ባንኮችም አገልግሎታቸውን በእጅ ስልክ አደረጉት። እኛም «እማ፣ ቋጠሮው ይብቃ» አልንና ዘመናዊ ስልክ ገዛንላት። ስጦታችን ከልብ ነበር። ነገር ግን እርሷን ለማቅለል ብለን ያደረግናቸውን ነገሮች አሁን አንድ በአንድ ስንቆጥራቸው እናፍራለን።

ሲም ካርዱን ያወጣነው በታላቅ እህታችን ስም ነው፤ «እማ ወረፋ ላይ አትቁም» ብለን። የስልኩ መቆለፊያ ሲያስቸግራት አጠፋነው፤ ማንም ቢያነሣው ወዲያው ይከፈታል። ስልኩ ሲከፈት የሚጠይቀውን የጉግል አድራሻ እኛው አወጣንላት፤ የይለፍ ቃሉን ግን የትም አልጻፍነውም፣ ረሳነው። የስልኩ ካርቶን ለልጆች መጫወቻ ሆኖ ተጣለ። በመጨረሻም እንደ ቦርሳ የሚታጠፍ፣ ካርድ ማስገቢያ ኪሶች ያሉት ከቨር ገዛንላት። በኪሶቹም የነዋሪነት መታወቂያዋን፣ የታተመ የፋይዳ ካርዷንና የኤቲኤም ካርዷን አስገባን። እናታችን የሚስጥር ቁጥሩን ስለምትረሳው አራቱን አሃዝ በቁራጭ ወረቀት ጽፈን ከኤቲኤም ካርዱ ጀርባ የሸጎጥነውም እኛው ነን። «በቃ፣ ሁሉ ነገርሽ አንድ ቦታ ሆነልሽ» አልናት። ቋጠሮዎቿን ሁሉ ፈትተን በአንድ ቋጠሮ አሰርናቸው ማለት ነው።

በዚህ ላይ እናታችን የሰፈር ሴቶች ገንዘብ ያዥ ነበረች። 14 ሴቶች ሆነው ለረመዷን አስቤዛ በየወሩ 200 ብር ያዋጣሉ። ለ10 ወር የተጠራቀመው 28,000 ብር በእናታችን ስም በተከፈተ የባንክ ሒሳብ ተቀምጧል። በዚያው ሒሳብ ውስጥ የራሷ 3,500 ብር ነበር። ከሴቶቹ አንዷ ባሏ የሞተባት፣ ልጆቿን እንጀራ ጋግራ እየሸጠች የምታሳድግ ጎረቤታችን ናት።

ዕለቱ ሐሙስ ነበር። እናታችን ቅመምና ቴምር ልትገዛ ጠዋት መርካቶ ወርዳ፣ በሚኒባስ ታክሲ ተሳፍራ ወደ ኮልፌ ተመለሰች። ቤት ገብታ ቦርሳዋን ስታስቀምጥ ጎኑ በምላጭ ተቀዷል። ቅመሙ አለ፣ ቴምሩ አለ፣ ስልኩ የለም። ጎረቤት ስልክ ሰጥታት «ለልጆችሽ ደውይ» ስትላት እናታችን የአንዳችንንም ቁጥር በቃሏ አታውቅም። ቁጥራችን ያለው በተሰረቀው ስልክ ውስጥ ነው። በመጨረሻ የጎረቤት ልጅ ወንድማችን ወደሚሠራበት ሱቅ በእግሩ ተላከ። ወሬው እኛ ዘንድ ሲደርስ ዙህር ተሰግዶ ነበር፤ ሁለት ሰዓት ሙሉ አልፏል።

ሦስታችንም ወደ ባንኩ ሮጥን። እዚያ ስንደርስ የሒሳብ ቁጥሩን አናውቀውም። እናታችን ይዘን ስንመለስ ደግሞ መታወቂያ ተጠየቀች፤ መታወቂያው ከስልኩ ጋር ሄዷል። ሠራተኛዋ ፊርማዋንና ፎቶዋን አመሳክራ በስንት ልመና ካርዱን ስታግድልን ከሒሳቡ 20,000 ብር በተደጋጋሚ ወጥቷል። የቀረው 11,500 ብር ነው። ሌባው የሚስጥር ቁጥሩን መገመት አላስፈለገውም። በእጃችን ጽፈን ሰጥተነዋል።

ሲም ካርዱን ለማዘጋት ሌላ ጣጣ ገጠመን። ወደ 994 ደውለን ማሳገዱ ተቻለ፤ ቁጥሩን መልሶ በአዲስ ሲም ማውጣት ግን የሚችለው በስሙ የተመዘገበው ሰው ነው። የተመዘገበችው እህታችን ሪያድ ናት! እናታችን ለዓመታት የተጠራችበት ቁጥር በሕግ ፊት የእርሷ አልነበረም። ፖሊስ ጣቢያም ስንሄድ የስልኩን መለያ ቁጥር ተጠየቅን። 15 አሃዝ ያለው ይህ ቁጥር በካርቶኑ ላይ ተጽፎ ነበር፤ ካርቶኑ ግን ተጥሏል። ስልኩ እስከ ዛሬ አልተገኘም።

በዚያው ዕለት ከዐስር በኋላ እህታችን ከሪያድ ደወለችልን። ድምፅዋ ይንቀጠቀጣል። ሲም ካርዱ ሳይታገድ በፊት ከእናታችን ቴሌግራም «ልጄ ታምሜ ሆስፒታል ገብቻለሁ፣ በዚህ ሒሳብ ቁጥር ቶሎ ብር ላኪልኝ» የሚል መልእክት ደርሷታል። ገንዘብ ልትልክ ተነሥታ ነበር። ያቆማት አንድ ነገር ነው። እናታችን ፊደል ብታነብም በስልክ መጻፍ አይሆንላትም፤ ሁልጊዜ የምትልከው ድምፅ ነው፤ ድምፁም «አሰላሙ ዐለይኪ፣ በልተሻል ወይ?» ተብሎ ይጀምራል። ይህኛው ሰላምታ የለውም፣ በልተሻል ወይም የለውም። እህታችን «ይህ የእማ አይደለም» ብላ ለእኛ ደወለች። አልሐምዱ ሊላህ፣ ያ ሰላምታ የስንት ወር ልፋቷን አተረፈላት።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። በሦስተኛው ቀን በወንድማችን ስልክ አንድ ሰው ደወለ። አነጋገሩ ትሑት ነው። «ከባንክ ነው፤ የእናትዎን የተወሰደ ገንዘብ ልንመልስ ነው» ብሎ የእናታችንን ስም እስከ አያት ጠራ፤ የተወለደችበትን ዓመትና የቤታችንን ቁጥር ሳይቀር ተናገረ። ወንድማችን አመነው። እንዴት አያምን? በኋላ ስናስበው ግን የጠራው ሁሉ መታወቂያዋ ላይ የተጻፈ ነው፤ የወንድማችንም ቁጥር በስልኳ ላይ «ልጄ» ተብሎ ተመዝግቧል። ሰውየው «አሁን በስልክዎ የሚደርስዎትን ቁጥር ያንብቡልኝ» ሲለው ወንድማችን ማንበብ ጀመረ። አጠገቡ የተቀመጠችው እናታችን ስልኩን ከእጁ ቀማችው። «የሚሰጥ ሰው እጁን ይዘረጋል እንጂ ኪስህን ክፈት ይላል?» አለችው። ሲታይ በስልኩ የገባው መልእክት የራሱን የወንድማችንን ሒሳብ በሌላ ስልክ ለመክፈት የተጠየቀ የማረጋገጫ ቁጥር ነበር። እኛ ያስተማርናት መስሎን ነበር፤ አስተማሪዋ እርሷ ሆነች።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። የጎደለው የሴቶቹ ገንዘብ ነው። እናታችን በማግስቱ ሁሉንም ቤቷ ጠርታ፣ ቡና አፍልታ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገረቻቸው። አንዳቸውም አልተቆጡም። «በሌባ የተወሰደ ነው፣ ምን ታደርጊ» አሉ። እንጀራ የምትሸጠዋ ጎረቤታችንም «እኔ ሐላል ብዬሻለሁ» አለቻት። እናታችን ግን ማታ እንቅልፍ አልወሰዳትም። የራሷን ብር ቢወስዱባት በሦስት ቀን ትረሳው ነበር።

በሰፈራችን መስጂድ የሚያስተምሩ ሸኽ ዘንድ ይዘናት ሄድን። እርሳቸውም ረጋ ብለው አስረዱን። አደራ የተቀበለ ሰው ንብረቱን እንደሚገባው ጠብቆ ሳለ ከአቅሙ በላይ በሆነ ነገር ቢጠፋበት ዕዳ የለበትም። በቸልተኝነት ቢያጠፋው ግን ይተካል። ይህን ብለው እናታችንን «ካርዱንና የሚስጥር ቁጥሩን አንድ ላይ ያደረገው ማነው?» ሲሉ ጠየቋት። እናታችን ዝም አለች። ለእኛ ስትል ነው ዝም ያለችው። ሸኹም ወደ እኛ ዞረው ተመለከቱን፤ መልሱን ከፊታችን አነበቡት። «ቁልፉን ከበሩ ላይ ትቶ የሄደ ሰው ቤቴን ቆልፌያለሁ ማለት አይችልም» ብቻ አሉን።

ከዚያ ወጥተን መንገድ ላይ ማንም አልተናገረም። ለዓመታት «እማ አታውቅም፣ እማ ትረሳለች» ስንል ኖረናል። እርሷ ግን በቋጠሮ ዘመኗ የማንንም አንዲት ሣንቲም አላጠፋችም። የጠፋው እኛ ከያዝንላት በኋላ ነው። ማታ ለእህታችን ደውለን ተነጋገርን። የጎደለውን 16,500 ብር ለአራት ተካፍለን እያንዳንዳችን 4,125 ብር አወጣን። ገንዘቡ ረመዷን ሳይገባ ለሴቶቹ ተሟላላቸው። እናታችን ለማዋጣት ብትፈልግም አልተቀበልናትም፤ ዕዳው የእኛ ነበርና።

ውድ አንባቢያን፣ እያንዳንዳችን በኪሳችን የምንይዘው ስልክና ካርድ የእኛ ብቻ አይደለም። በውስጡ የዘመድ ቁጥር አለ፣ የሰው ገንዘብ አለ፣ ለማንም እንዳይታይ የተባለ የእህቶቻችን የሠርግ ፎቶ አለ፣ የጓደኛ ምስጢር አለ። ስለዚህ «የኔ ስልክ ነው፣ ምን ቸገረህ?» ማለት አይቻልም። አማና ነው። ከዚያ ወዲህ በቤታችን የጀመርነውን እንንገራችሁ፤ ለሚጠቅመው ይጠቅም ይሆናል።

አንደኛ፣ ካርዶቻችን ከስልክ ጋር አብረው አይሄዱም። ለዕለቱ የሚያስፈልገው አንድ መታወቂያ ብቻ ይያዛል፤ የቀረው ቤት ይቆለፋል። የኤቲኤም ካርድ የሚወጣው ገንዘብ በሚወጣበት ቀን ነው። የሚስጥር ቁጥር አይጻፍም፤ የልደት ዓመትም አይደረግም፤ የልደት ዓመት መታወቂያ ላይ አለና። እናታችን አሁን የምትጠቀምበት ራሷ ብቻ የምታውቀውን ቁጥር ነው፤ እኛም አልጠየቅናትም። የፋይዳው ካርድ ደግሞ ወረቀት ቢጠፋም 12 አሃዙ ልዩ ቁጥርና የጣት አሻራው ምዝገባ አይጠፋም። ስለዚህ ካርዱን ቤት ትቶ መውጣት ብዙ አያስፈራም።

ሁለተኛ፣ ስልኩ ሁለት መቆለፊያ አለው። አንዱ የስልኩ ነው፤ ለእናታችን በጣት አሻራ አደረግንላትና አልከበዳትም። ሌላው የሲም ካርዱ ነው። ሌባ ሲሙን አውጥቶ ሌላ ስልክ ውስጥ ቢከተው የማረጋገጫ መልእክቶች እርሱ ዘንድ ይሄዳሉና ሲሙም የሚስጥር ቁጥር እንዲጠይቅ አደረግን። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያሻል። ሦስት ጊዜ ከተሳሳቱ ሲሙ ይቆለፋል፤ ለመክፈት ሲገዛ በተሰጠው ካርድ ላይ ያለው ባለ 8 አሃዝ ቁጥር ያስፈልጋል። ያን ካርድ አትጣሉት። ስልኩ ተቆልፎ ሳለም የመልእክቱ ጽሑፍ በመስተዋቱ ላይ እንዳይነበብ ማድረግን አትርሱ። ያለዚያ የተቆለፈ ስልክ ምስጢሩን በውጭ እያነበበ ነው። በቴሌግራም ላይም ከሚላከው ቁጥር ሌላ ሁለተኛ የይለፍ ቃል ማድረግ ይቻላል፤ አድርገናል።

ሦስተኛ፣ ሣጥን ውስጥ አንድ የወረቀት ደብተር አለን። የሁላችን ስልክ ቁጥር፣ የባንክ ሒሳብ ቁጥር፣ የባንኩ የስልክ መስመር፣ ለኢትዮ ቴሌኮም 994፣ ለሳፋሪኮም ኢትዮጵያ 700 ተጽፎበታል። የየስልኩ 15 አሃዝ መለያ ቁጥርም አለ፤ ይህን ለማግኘት ስልኩ ላይ *#06# መጻፍ በቂ ነው። የሚስጥር ቁጥር ግን በዚህ ደብተር አይጻፍም። እናታችንም የሁለታችንን ቁጥር በቃሏ አጥንታለች። በየጁምዓው እንጠይቃታለን፤ እስከ ዛሬ አልተሳሳተችም።

አራተኛ፣ ሲም ካርድ በተጠቃሚው ስም ይውጣ። የእናታችን ቁጥር አሁን በራሷ ስም ነው።

አምስተኛ፣ በስልክ የሚመጣን የማረጋገጫ ቁጥር ለማንም አናነብም፤ ባንክ ነኝ ላለ፣ ቴሌ ነኝ ላለ፣ ሽልማት ደረሰዎ ላለ። ስማችንን እስከ አያት ቢጠራም አናነብም። ዘመድ ገንዘብ ከጠየቀ ደግሞ ድምፁን ሳንሰማ አንልክም። በተለይ በሳዑዲ፣ በኤምሬትስና በኩዌት ያላችሁ እህቶቻችን፣ ቤተሰብ ታመመ የሚል ጽሑፍ ሲደርሳችሁ ልባችሁ እንደሚሰበር እናውቃለን። ሌባውም ያንን ያውቃል። ከመላካችሁ በፊት ደውሉ። ስልኩ ካልተነሣም ለሌላ የቤት ሰው ደውሉ።

ስድስተኛ፣ መታወቂያን በየጥበቃው በር አስይዞ መግባት ለምደናል። የሚቻል ከሆነ አሳይቶ መቀበል ይሻላል። ማስያዝ ግድ ከሆነ ሲወጡ አለመርሳት ነው። የመታወቂያ ፎቶ ኮፒ ስንሰጥም ለምን ጉዳይና በየትኛው ቀን እንደሰጠን በላዩ እንጽፍበታለን፤ የተበላሸውን ኮፒ ከፎቶ ኮፒ ቤቱ ሳንቀድደው አንወጣም። ስልክ ለጥገና ሲሰጥም የቤተሰብ ፎቶዎችን አስቀድመን እናወጣለን።

ይህ ሁሉ ከተደረገም ሌባ ሊያሸንፍ ይችላል። መጠበቅ የእኛ ነው፤ ጥበቃው ግን ከአላህ ነው። ቢሆንም ያኔ ቢያንስ ሸኹ ዘንድ ቀርበን አንገታችንን አንደፋም።

እናታችን ዘንድሮም ገንዘብ ያዥ ናት። ሴቶቹ ሌላ ሰው አንመርጥም ብለው እምቢ አሉ። እርሷ ግን ሁለት ነገር አስለውጣለች። የሴቶቹ ገንዘብ ከእርሷ ገንዘብ ጋር በአንድ ሒሳብ አይቀመጥም፤ ሌላ ሒሳብ ተከፍቶለታል። ያ ሒሳብም ካርድ የለውም። ገንዘብ የሚወጣው ከሦስቱ ሴቶች ጋር በአካል ባንክ ሄዳ ስትፈርም ነው። ወንድማችን «እማ፣ ይህ እኮ አድካሚ ነው» ሲላት «ለእኔ ነው የሚደክመው፤ ለሌባውም ይድከመው» አለችው።

ባለፈው ሳምንት ወደ ገበያ ልትወጣ ስትል አየናት። ለቅመም የሚበቃ ብር ቆጥራ በሻርፗ ጫፍ ቋጠረች፤ ስልኳን ከልብሷ ውስጥ ባሰፋችው ኪስ አስገባች፤ ካርዶቿን ሣጥን ውስጥ ቆለፈች። እኛም በዚህ ጊዜ አልሳቅንም። የሣጥኑን ቁልፍ ተቀብለን «ቢስሚላህ ብለሽ ውጪ» አልናት።

አላህ አማናችንን የምንጠብቅ ያድርገን።